የሸሕዲ ድንጋዮች አውቶቡስ ሲጠብቁ

ባለቤቴ ድሬሰር ነበረች። በደርግ ጊዜ በእኛ ቆላ ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ የሚያዋልድ፣ ጥርስ የሚነቅል፣ ሲቸግር ደግሞ የታመመ በሬም የሚያይ ሰው ማለት ነው። እኔ እዚያው ሸሕዲ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ማለት ግን ጸሐፊ ብቻ ነው፤ ከካርቦን ወረቀት በቀር እጄን የሚያቆሽሸው ነገር አልነበረም።

ቤታችን ሸሕዲ ሲሆን የእሷ ክሊኒክ ከከተማው ርቆ በመንግሥት የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ውስጥ ነበር። ማለዳ ወደ ካምፕ የሚሄድ አንድ ትራክተር አለ፤ ከኋላው ተሳቢ ይጎትታል። ተሳቢው የተሠራው ሰሊጥ እንዲጭን ነው፤ የሚጭነው ግን ሰው ነበር። ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ቆላው ሳሉግ የሚላቸው፣ የካምፑን ጊንጥና ትንኝ ስለሚፈሩ ሸሕዲ እያደሩ ይመላለሳሉ። እነሱ ማጭዳቸውንና ስንቃቸውን ይዘው፣ ባለቤቴ ነጭ ጋወኗን ለብሳ፣ እዚያ ተሳቢ ላይ ይታጨቃሉ። ጋወኑ ከቤት ሲወጣ ነጭ ነው፤ ካምፕ ሲደርስ ግን የማሽላ ቂጣ ይመስላል። አንድ ቀን የአንድ ሳሉግ ማጭድ እጀታ መንገዱን ሙሉ ጎኗን ሲጎስማት ሄዶ፣ ክሊኒክ ስትደርስ የመጀመሪያዋ በሽተኛ ራሷ ሆነች። ሌላ ቀን ደግሞ አጠገቧ የቆመች ፍየል ከቦርሳዋ የወጣውን የፋሻ ጫፍ ያዘችና ካምፕ እስኪደርሱ ጥቅልሉን በልታ ጨረሰችው።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ትልቁ ጥፋቴ እሱ ነበር። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ እግሯን እየታጠበች ሳለ፣ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ለሠራተኛ ማደሪያ የተሠራ ክፍል እንዳለና የካምፑ ኃላፊ «ውሰጂው» እያለ እንደሚጨቀጭቃት ነገረችኝ።

«እስከ ኅዳር ሚካኤል እጠብቃለሁ» አለች። «እስከዚያ ለሰው የሚሆን መሄጃ ካልመጣ እዚያው እገባለሁ። አንተ እሁድ እሁድ ትመጣለህ።»

እሁድ ትራክተሩ እንደማይሄድ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሳቄ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጠፋ።

በዚሁ ሰሞን ከበላይ አንድ ሰርኩላር መጣልን። በከተማ ዳርቻ የሚኖሩ ሠራተኞች የሚደርስባቸውን የመጓጓዣ መጨናነቅ ለማቃለል የሕዝብ ማመላለሻ ማስፋፊያ ዕቅድ ስለሚወጣ፣ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ጥናት አጥንቶ የተያያዘውን ቅጽ ሞልቶ ይላክ ይላል። ወረቀቱ ለትልቅ ከተማ የተጻፈ ለመሆኑ አያጠራጥርም። አንድ ታታሪ ባለመዝገብ ማኅተም ላለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አባዝቶ በተነው መሰለኝ፤ እኛም ማኅተም ስለነበረን ደረሰን።

አስተዳዳሪያችን ካኪ ለባሽ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። ባዶ ቅጽ መመለስ አድኃሪነት ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ «ይህ እኛን አይመለከትም» ብሎ ሊመልስ ቀርቶ፣ ወረቀቱ ላይ ባዶ መስመር እንዳይገኝ አስጠነቀቀኝ። ለምክር ደግሞ ሐጂ ተጠሩ። ሐጂ በከተማው ትልቁ ሱቅ ባለቤት የሆኑ አዛውንት ነጋዴ ናቸው። ትራክተሩ የሚቆመው እሳቸው ሱቅ ፊት ስለሆነ የትራንስፖርት አዋቂ እንደሆኑ ተቆጠረ።

የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ የከተማው ማዕከል የት እንደሆነ ይጠይቃል። አስተዳዳሪው ሳያመነታ ጽሕፈት ቤቱ ነው አለ። ሐጂ ጀላቢያቸውን ሰብስበው በትሕትና፣ እርስዎ ቢሮ ፊት ሰው የሚቆመው ተጠርቶ ነው፣ እኔ ሱቅ ፊት ግን ወዶ ነው አሉት። ትንሽ ተከራከሩና ከሁለቱ መካከል ያለው የኒም ዛፍ የከተማው ማዕከል ተደርጎ ተመዘገበ። ዳርቻው ካምፑ ሆነ። አደባባይ ስንት አለ ለሚለውም ያው የኒም ዛፍ ተጻፈ፤ አህዮች ዞረውት ስለሚያልፉ።

የትራፊክ መብራት ብዛት የሚለው ላይ ስንደርስ አስተዳዳሪውን ላብ አጠመቀው። ዜሮ ብሎ መጻፍ ለከተማው ውርደት መስሎ ታየው። ያዳኑን ሐጂ ናቸው። እሳቸው ሱቅ በር ላይ አንድ ማሾ ፋኖስ ይሰቀላል። ማሾው ሲበራ ትራክተሩ ቆሞ ሰው ይጭናል፣ ጎህ ሲቀድ ማሾው ይጠፋል፣ ትራክተሩም ይሄዳል። ታዲያ የትራፊክ መብራት ከዚህ ወዲያ ምን ይሠራል? እኔም ባማረ እጅ ጽሑፌ «አንድ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝ» ብዬ ሞላሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ግን ልቤን መታው። በመጨናነቅ ሰዓት በሰልፍ ላይ የሚገኘው ተጓዥ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ተቆጥሮ አማካዩ ይገለጽ፤ ብዛቱ ከፍ ያለ ሆኖ ከተገኘ አውቶቡስ ይመደባል ይላል። አውቶቡስ! ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ይህችን መስመር ግን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ቆጠራውን ለማንም እንዳይሰጥብኝ ብዬ እኔው እሠራዋለሁ አልኩ። አስተዳዳሪው እንዲህ ያለ ትጋት አይቶብኝ ስለማያውቅ ከግንባሬ ላይ ትኩሳት የሚፈልግ ይመስል አተኩሮ አየኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሸሕዲ ሰልፍ መናገር ይኖርብኛል። ሸሕዲ ላይ ተራ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። ሁሉም በዋዜማው አመሻሽ ላይ ሐጂ ሱቅ ፊት አንድ ነገር አስቀምጦ ይሄዳል፤ ድንጋይ፣ ያለቀ ጫማ፣ ዱላ፣ ቆርቆሮ። የሰው ዕቃ መንካት ነውር ነው፤ ያስገላምጣል፣ ሲብስም ያጣላል። ማለዳ ትራክተሩ ጡሩምባውን ሲነፋ እያንዳንዱ ከየማደሪያው ሮጦ መጥቶ ዕቃውን ያነሳና ይሳፈራል። ዕቃውን የያዘ ሰው ተራው ነውና ማንም አይከለክለውም።

ሳሉጎቹ በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨመሩበት። ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ገና ላልመጣ ያገራቸው ልጅም ተራ ይይዛሉ። የት ነው ሲባል መንገድ ላይ ነው ይላሉ፤ እሱ ግን ገና ጎጃም ልምጣ ወይስ ልቅር እያለ ይሆናል። አንድ ጎጃሜ ለአማቹ ያስቀመጣት ድብልብል ጥቁር ድንጋይ ነበረች። በየቀኑ ወደፊት እየተጠጋች ከሰልፉ ራስ ትደርሳለች፤ አማችየው ስላልመጣ እንደገና ከጭራ ትጀምራለች። እንዲህ ስትመላለስ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ከእኔ ይልቅ እሷ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን ነበረባት።

እኔ ታዲያ በመጀመሪያው ጠዋት ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት ደብተርና እርሳስ ይዤ ደረስኩ። ሰልፉ ተሰልፏል፤ ሰው የለም። ቅጹ ያለው በሰልፍ ላይ የሚገኘውን ቁጠር ነው፤ በእግሩ የቆመውን ቁጠር አላለም። ሕሊናዬን በዚህች አባበልኩና እያንዳንዱን ዕቃ አንድ ተጓዥ እያልኩ ቆጠርኩ። አንድ ሰው ተራውን በአንገረብ አልጋው ይዞ፣ እዚያው አንገረቡ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። አልጋውን አንድ፣ ሰውዬውን አንድ ብዬ ያዝኩ። ከዚያ ቀጥሎ አንዲት ፍየል ታስራ ቆማለች። ፍየሏ ላይ ስደርስ እርሳሴን አቆምኩና ሱቃቸውን እየከፈቱ የነበሩትን ሐጂን ጠየቅኋቸው።

ሐጂ ፍየሏን አዩ፣ ባለቤቷ ከአጠገቧ ያስቀመጠውን ድንጋይም አዩ። «እንግዲያው ሁለት ናቸዋ» አሉኝ። «ማፊ ሙሽኪላ።»

ማፊ ሙሽኪላ ማለት ምንም ችግር የለም ማለት ነው፤ ሐጂ በድንበሩ አረብኛ ይህን ካሉ ነገሩ አለቀ። ስንት ዘመን እዚያ ወድቆ የኖረውን የትራክተር ጎማም ቆጠርኩት። እሱስ ቢያንስ መንገዱን ያውቀዋል ብዬ።

ሰው ወሬውን ሰማ። ዕቃ በተቆጠረ ቁጥር አውቶቡስ ይቀርባል ተብሎ በሁለተኛው ጠዋት ሸሕዲ ጓዳዋን ገልብጣ አወጣች። ሙቀጫው፣ ጀሪካኑ፣ በርጩማው፣ ቁናው፣ ከማጠፊያው የተነቀለ በር ሳይቀር ተደርድሯል። ሰልፉ የኒሙን ዛፍ ማለትም የከተማውን ማዕከል አልፎ ወደ ወንዙ ታጥፏል። ሁለት ሴቶች ድስቴን ከኋላ አደረግሽብኝ ተባብለው ተያይዘዋል። በሦስተኛው ጠዋት ደግሞ በሰልፉ መሐል የአስተዳዳሪያችንን የቢሮ ወንበር አገኘሁ። ቢሮ ገብቼ ስጠይቀው መሪ ከሕዝቡ ተለይቶ አይቀርም ብሎ መለሰልኝ።

በእነዚያ ሦስት ጠዋቶች ባለቤቴ በአጠገቤ እያለፈች ተሳቢው ላይ ወጥታለች። በመጀመሪያው ቀን ምን እንደምቆጥር ጠይቃኝ ሥራ ነው አልኳት። ነገሩ ተሳክቶ በድንገት ላስደስታት ፈልጌ ነበር። ሌሎቹን ሁለት ቀናት ምንም አልጠየቀችም። ትራክተሩ ሲሄድ እኔ ቤቴ ተመልሼ የቢሮ ሰዓት እስኪደርስ እንቅልፌን እለጥጣለሁ።

የወጣውን አማካይ ዛሬም ለመጻፍ አፍራለሁ። የሸሕዲ ነዋሪ ከነሕፃናቱ፣ ከነእንግዳው፣ በመቃብር ካሉት ጭምር ቢሰበሰብ ያን ያህል አይሆንም ነበር። አስተዳዳሪው ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከተማችን በእሱ ዘመን እንዲህ ማደጓን አላውቅም ነበር አለና ፈርሞ ማኅተሙን በሁለት እጁ ረገጠበት።

ቁጥሩ ጎንደር ሲደርስ ሰው ሳያስደነግጥ አልቀረም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ባለሙያ ጉዳዩን በዓይኑ ሊያይ በላንድሮቨር መጣ። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ የሱሪው መስመር እንደ ቢላ የቆመ ወጣት ነው። በእጁ ሲጫኑት «ቀጭ» የሚል የብረት መቁጠሪያ ይዟል። አድሮ ማለዳ፣ ጡሩምባው ሊነፋ ጥቂት ሲቀረው፣ አስተዳዳሪው፣ ሐጂና እኔ ሰልፉ ፊት አቆምነው። ባለሙያው ከድንጋዩ ወደ ሙቀጫው፣ ከሙቀጫው ወደ ፍየሏ አየና ተጓዦቹ የት እንዳሉ ጠየቀ።

አስተዳዳሪው ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ዕቃው አመለከተ። «ተወካዮቻቸው ናቸው፣ ጓድ» አለው። ሰፊው ሕዝብ አርፎ ለምርት እንዲዘጋጅ ተወካዮቹ ሌሊቱን ተሰልፈው እንደሚያድሩ አስረዳው።  በዚያ ዘመን የሐሰት ሪፖርት ማቅረብ በቀልድ የሚታይ ነገር አልነበረም። አስተዳዳሪውም ይህን ስለሚያውቅ ወዲያው ጥናቱን ያጠናው ይህ ጸሐፊ ነው ብሎ ወደ እኔ አመለከተ።

ባለሙያው ጎንበስ አለና አንዱን ተወካይ አነሳ። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መርጦ ያነሳት የጎጃሜውን አማች ነበር። ከአጥር ኋላ አንድ ድምፅ «ኧረ አንት ሰውዬ፣ ያማቼን ድንጋይ አኑር» አለ። አስቀምጥ ብለን ልንነግረው አፋችንን ስንከፍት ጡሩምባው ተነፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው በአቧራ ውስጥ እንዳየሁት ነው። ከየአጥሩ፣ ከየጠላ ቤቱ፣ ከየዳሱ ሰው ፈሰሰ። ሁሉም ዕቃውን እያነሳ ወደ ተሳቢው ነጎደ። ባለሙያው ድንጋይ በእጁ ስለያዘ እንደ ደንቡ ተራው ነው። ተራው የደረሰ ሰው ደግሞ ቆሞ መንገድ አይዘጋም። ሁለት ሳሉጎች በብብቱ ገብተው አነሱት፣ ሌሎች ከላይ ሳቡት፣ መነጽሩ ለአንድ አፍታ ከማጭዶቹ መካከል ብልጭ አለ። መቁጠሪያው በግፊያው እየተጫነ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ሲል ይሰማኝ ነበር። ትራክተሩ ነጎደ። የላንድሮቨሩ ሹፌር ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ብርጭቆውን ጨርሶ ሲወጣ አለቃው የሉም። ሐጂ ማፊ ሙሽኪላ አሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

ባለሙያውን ላንድሮቨሩ ካምፕ ድረስ ሄዶ ሲያመጣው ቀትር ሆኗል። የሱሪው መስመር ጠፍቷል፣ ግንባሩ ላይ በመስቀል የተለጠፈ ፕላስተር አለ። አለጣጠፉን አየሁና የባለቤቴ እጅ መሆኑን አወቅሁ። ሐጂ ሱቅ ቁጭ ብሎ ሦስት ብርጭቆ ሻይ በላይ በላዩ ጠጣ። እኛ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመናል። ከዚያ ቅጼን ከቦርሳው አወጣና ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን፣ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ወረቀት አይቶ እንደማያውቅ፣ ለበላይ ቢያሳየው ማን የት እንደሚገባ ነገረን። አስተዳዳሪው ከእኔ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ።

ባለሙያው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «አውቶቡስ ያስፈልጋችኋል» አለ። «ይህን ለማወቅ እኔ አንድ ጊዜ መሳፈሬ በቂ ነው።»

አውቶቡሱ የመጣው ኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሌላ መንገድ ላይ አገልግሎ ጡረታ የደረሰ ነገር ነበር፤ በአንድ ወገን መስኮቱ መስታወት የለውም፣ ጡሩምባው ከሞተሩ ይበልጣል። ለእኔ ግን ከሰማይ የወረደ ሠረገላ ነበር። ምረቃው በማግስቱ፣ በሚካኤል ዋዜማ ማለዳ፣ ሆኖ የመጀመሪያው ቀን ጉዞ በነፃ ነው ተባለ። እኔም በዚያው ምሽት ለባለቤቴ ትልቅ ነጭ ድንጋይ ከሰልፉ ራስ ላይ አስቀመጥኩ። ጠዋት አብሬያት ስወጣ ከወትሮው ከፍ ያለ ጥቅል መያዟን አየሁ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ልቤ በአውቶቡሱ ተይዞ ነበር።

አስተዳዳሪው ቀይ ጨርቅ ከተሰቀለበት በርሜል ላይ ወጥቶ ንግግሩን ጀመረ። ገና የዓለም አቀፉን ሁኔታ እያብራራ ሳለ የአውቶቡሱ ረዳት በሩን ከፈተ። ረዳቱ ያገራችንን ደንብ የማያውቅ የከተማ ልጅ ነው። ተሰልፈው የቆሙትን ድንጋዮች አየና እኔ የምጭነው ሰው ነው አለ፤ የእኔንም ነጭ ድንጋይ በእግሩ ገፋት። በዚያች ቅጽበት የሸሕዲ ሥርዓት ፈረሰ። ሳሉጉ ማጭዱን በመስኮት እያስገባ ተጋፋ፤ የከተማውም ሰው ተግተልትሎ ገባ። ከሸሕዲ ወጥተው የማያውቁ ባልቴቶች፣ ሥራ የሌላቸው ሽማግሌዎች፣ ለሠርግ የተኳሉ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ገቡ። የት ትሄዳላችሁ ሲባሉ ሄደን እንመለሳለን ይላሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ያልነበረው ተጓዥ አውቶቡስ ሲያይ ተፈጠረ። የሐሰት ቁጥሬ በዓይኔ ፊት እውነት ሊሆን ምንም አልቀረው።

ባለቤቴ አልገባችም። ሰው መጋፋት አትወድም፤ ጥቅሏን እንደያዘች ቆማ ታያለች። በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ያንን ጡሩምባ ነፍቶ ሄደ። አስተዳዳሪው ከወረቀቱ ቀና ሲል የሚያዳምጠው ሕዝብ ሁሉ ተሳፍሮ ሄዷል። የቀረነው ሐጂ፣ ባለቤቴ፣ እኔና ፍየሏ ነን። እሱ ግን ሦስት ገጽ ስለቀረው ቀጠለ።

እኔ ማልቀስ አማረኝ። ነገ ሚካኤል ነው፤ ለእሷ ያመጣሁት አውቶቡስ እሷን ትቶ ከተማውን በሙሉ ይዞ ሄደ። የትራክተሩ ሹፌር፣ ያ ሁሉ ሰው ያመላለሰ አዛውንት፣ ባዶ ተሳቢውን እያየ መሪው ላይ ተቀምጧል። ተከድቷልና ከንፈሩን ጥሏል። ባለቤቴን ሲያይ ግን ፊቱ ፈታ አለና ይውጡ እንጂ እትዬ አላት። ሐጂ ከሱቃቸው አንድ ወንበር አምጥተው በተሳቢው መሐል አስቀመጡላት። ወጥታ ተቀመጠች፣ ጥቅሏን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ትራክተሩም ተነሳ። ወደ እኔ አልዞረችም።

ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ሮጥኩና የተሳቢውን የጎን መከለያ፣ ስፖንዳውን፣ ይዤ ዘለልኩ። ጫማዬ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ። አስተዳዳሪው ከበርሜሉ ላይ ሆኖ «ጓድ ጸሐፊ» ሲል ይሰማኛል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ጥርሴ ከጥርሴ ይጋጭ ጀመር። ወገቤ ከታች ይነረታል፣ አቧራው ከላይ ይወርዳል፣ ስፖንዳውን ብይዝ እጄን ይልጠዋል፣ ብለቀው እወድቃለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ዛሬማ ባዶ ነው እኮ አለችኝ።

ወንዙ መሻገሪያ ስንደርስ አውቶቡሱ አሸዋ ውስጥ ጎማው ተቀብሮ ቆሟል። ሹፌሩ ውረዱና ግፉ ይላል። ሰዎቹ ሊገፉ ፈቃደኞች ናቸው፤ የፈሩት ከወረዱ ወንበራቸውን ሌላ እንዳይዝባቸው ነው። መላው ግን ሩቅ አልነበረም፤ ወንዙ በድንጋይ የተሞላ ነው። እያንዳንዱ በመስኮት አንድ አንድ ድንጋይ አቀብሉኝ እያለ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወረደ። መቀመጫ ያላገኙት ደግሞ ለመቆሚያቸው አስቀመጡ። ባልቴቶቹ ትልልቁን መረጡ፣ ትንሿን ሰው ያነሳብናል ብለው። ከዚያ ሁሉም ተረባርበው ሲገፉ አውቶቡሱ በድንጋዩ ክብደት እስከ ሆዱ ሰጠመ። ረዳቱ ድንጋዩን አውርዱ ብሎ ቢለምን ማንም እሺ አላለም፤ ተራዬን ማን ሊይዝልኝ ነው ይላል እያንዳንዱ።

ባለቤቴ ከወንበሯ ሳቀች። መጀመሪያ አፏን ይዛ፣ ኋላ ጎኗን ይዛ፣ በመጨረሻ እንባዋ በአቧራው ላይ መስመር እስኪያወጣ ሳቀች። ሹፌራችን ከትራክተሩ ወርዶ ሰንሰለቱን ሲያወጣ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ በማንም ሙሽራ ፊት አላየሁም። ቀስ ብሎ አሰረው፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ወጣ፤ ቸኩሎ የሚያልፈው ጉዳይ አልነበረም። ሰንሰለቱን ያሰረው ከተሳቢያችን ኋላ ስለነበር ትራክተሩ እኛን፣ አውቶቡሱንና ያንን ሁሉ ድንጋይ አንድ ላይ ይዞ ይጎትት ጀመር።

ሳቋ ሲያበቃ ከጋወኗ ኪስ ቁልፍ አውጥታ አሳየችኝ።

«ክፍሉን ባለፈው ሳምንት ተቀብያለሁ» አለች። «ዛሬ እዚያው ላድር ነው የወጣሁት።»

ጥቅሉ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አውቶቡስ እኮ መጣ አልኳት፣ ከኋላችን በሰንሰለት የሚጎተተውን እያሳየሁ።

«ሦስት ጠዋት እዚያ ቆመህ ድንጋይ ስትቆጥር አየሁህ» አለች። «ስወጣ እጄን እንኳ አልያዝክልኝም።»

መልስ ነበረኝ። ለአንቺ ስል መንግሥትን ዋሸሁ፣ ለአንቺ ስል ፍየል ሰው አደረግሁ፣ ልታሰር ነበር ማለት እችል ነበር። ግን ያን ሁሉ ዕቃ አንድ በአንድ ስቆጥር እውነተኛዋ ተጓዥ በአጠገቤ ስታልፍ አላየኋትም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ስትደበደብ እኔ ተኝቼ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ዛሬ አብሬሽ አድራለሁ» አልኳት።

«አስተዳዳሪውስ?»

«ንግግሩን ገና አልጨረሰም።»

ፈቀቅ አለችና የወንበሩን ግማሽ ሰጠችኝ። ወንበሩ ጠባብ ስለነበር እንዳልወድቅ ወገቤን ይዛኝ ካምፕ ገባን።

ክፍሉ ደህና ክፍል ነበር፤ በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ጊንጡም ሁለት ብቻ ነው። አልጋው ለአንድ ሰው የተሠራ የሽቦ አልጋ ነው። እሷ ስትዞር እኔ መውረድ፣ እኔ ስዞር እሷ ግድግዳውን መደገፍ ነበረብን። በማግስቱ ሚካኤል ስለሆነ ትራክተሩም አውቶቡሱም አይሄዱም። ባለቤቴ ተነስታ ጥቅሏን መልሳ አሰረችና ኃላፊውን ፈልጋ ቁልፉን ሰጠችው። ሰውዬው ገና ማታ ገብታ ምን ጎደለብኝ ልትል እንደሆነ ግራ ገባውና ክፍሉ ያልተመቻት በምን እንደሆነ ጠየቃት።

«አልጋው ለሁለት ይጠባል» አለችው። ጥቅሉን እኔን አሸክማ ወደ ሸሕዲ የሚወስደውን መንገድ በእግሯ ጀመረችው፤ እኔም በአንድ ጫማ ተከተልኳት።